የሆቴል ቴሌቪዥን በኔትወርክ፦ ስዊቹ መልቲካስትን በየትኛው መንገድ ቢይዘው ይሻላል?

በየክፍሉ ሪሲቨር መደርደሩን ትተው ቴሌቪዥኑን በኔትወርክ ኬብል ለማሠራት የሚያስቡ የድሬዳዋና የሐረር ሆቴሎች አሉ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ዲሾቹ ጣሪያ ላይ ይሰቀላሉ። ሄድኤንድ የሚባለው ማሽን ቻናሎቹን ተቀብሎ ኔትወርኩ ላይ ይለቃቸዋል። እንግዳው ክፍሉ ውስጥ ባለች ትንሽ ቦክስ ወይም በስማርት ቲቪው የፈለገውን መርጦ ያያል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ነው። አንዱ ባለሙያ ተራ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰኩበት ማከፋፈያ) ይበቃል ይላል። ሌላው ማኔጅድ፣ ማለትም ሴቲንጉ የሚስተካከል፣ ካልሆነ እጄን አላስገባም ይላል። ሦስተኛው ሌየር 3 የሚል ቃል ጽፎ ዋጋውን ይሰቅለዋል። ባለቤቱ ደግሞ ሦስቱን ወረቀት ይዞ ይቀራል። የሚገርመው፣ እንደ ሆቴሉ ሁኔታ ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ መመሪያ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ለሚከፍለውና ለሚገጥመው። ብራንድ አላወዳድርም። እኔ ቅድሚያ የማየው የቻናል ፈላጊዎቹን መዝገብ ማን እንደሚይዝና ማን እንደሚያድሰው ነው። እሱ ከተመለሰ የስዊቹ ምርጫ ራሱ ይከተላል።

ነገሩ በአጭሩ

ዩኒካስት ማለት ለእያንዳንዱ ተመልካች የየራሱ ቅጂ መላክ ነው። ማታ ኳስ አለ እንበል። 60 ክፍል አንድ ኤችዲ ቻናል ከፍቷል፤ ቻናሉ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ይፈልጋል። በዩኒካስት ከሄድኤንዱ የሚወጣው 480 ሜጋቢት ነው። በመልቲካስት ግን 8 ብቻ ይወጣል። ስዊቹ ያቺን አንድ ቅጂ ለጠየቁት ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) ያባዛታል።

እያንዳንዱ ቻናል የራሱ የመልቲካስት አድራሻ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ 239.10.1.5። እንግዳው ቻናሉን ሲከፍት ቦክሱ «እኔም የዚህ ግሩፕ አባል ነኝ» የሚል መልእክት ይልካል። ይህ መልእክት የሚሄድበት ፕሮቶኮል (የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ) አይጂኤምፒ ይባላል። ፕሮቶኮሉ የተሠራው ቦክሱና ራውተሩ (ኔትወርክን ከኔትወርክ የሚያገናኘው መሣሪያ) እንዲነጋገሩበት ነው። በመሃል ያለው ስዊች በተፈጥሮው አይመለከተውም። ስለዚህ ስዊቹ ንግግሩን ከመሃል ሆኖ እንዲያዳምጥና ማን ምን እንደጠየቀ በየፖርቱ እንዲመዘግብ ተደረገ። ስኑፒንግ የሚባለው ይኸው ማዳመጥ ነው።

የማያዳምጥ ስዊች ምን ያደርጋል? የመጣለትን ሁሉ ለሁሉም ይረጫል።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ከሁሉ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ጠቅላላ ፍሰቱን ይደምሩ። 30 ተራ ጥራት ያላቸው ቻናሎች በ3 ሜጋቢት ቢሄዱ 90 ይሆናል። 10 ኤችዲ ቻናሎች በ8 ሜጋቢት ሌላ 80 ነው። ድምሩ 170። አሁን ቦክሱን ገልብጠው ከኋላ ያለውን ፖርት ይመልከቱ። ብዙዎቹ ቦክሶች የ100 ሜጋቢት ፖርት ነው ያላቸው። 170 በ100 አይገባም። ስዊቹ ጊጋቢት መሆኑ እዚህ ጋ ምንም አያድንም፤ የሚታነቀው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ወስደው ቢሄዱ ይቺን ስሌት ይውሰዱ።

ሁለተኛው የስዊቾቹ ብዛትና አቀጣጠላቸው ነው። አንድ ስዊች ብቻ ያለው ፔንሲዮን እና በየፎቁ ስዊች የተቀመጠለት ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል አንድ ምክር አይሰጣቸውም።

ሦስተኛው፣ ተመልካቹ ቻናል ይቀያይራል ወይ? የክፍል እንግዳ ይቀያይራል። ሎቢ ውስጥ ያለው ስክሪን ግን ብዙ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቻናል ላይ ነው።

አራተኛው ዋይፋይ ነው። መልቲካስት በዋይፋይ ሲሄድ በአብዛኛው በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚላከው፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት ለሁሉም እንዲደርስ ብሎ ይጎተታል። ስለዚህ አንድ ኤችዲ ቻናል ብቻ አምልጦ ዋይፋዩ ላይ ቢረጭ የእንግዶቹ ስልክ ኢንተርኔት የሌለ ያህል ይሆናል። «ኢንተርኔቱ ዛሬ ተበላሽቷል» ተብሎ አቅራቢው የሚረገምበት አንዳንዱ ቀን ጥፋቱ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ያለ ነው።

አምስተኛውን መለኪያ ሰው ሁሉ ይረሳዋል፦ ገጣሚው ከሄደ በኋላ ማን ይቀራል? ባለሙያው ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ሄዷል። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሰው ኮምፒውተርም ጄኔሬተርም ካሜራም አንድ ላይ የሚያይ ልጅ ነው። እሱ ሊያስተካክለው የማይችል ነገር፣ ቴክኒኩ ምንም ቢራቀቅ፣ መጥፎ ምርጫ ነው። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ራሱን ችሎ የሚነሳ መሆን አለበት።

ዋጋን በብር አልጽፍም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ ያረጃል። ደረጃውን ግን እናገራለሁ። ተራ ስዊች ርካሹ ነው። በብሮውዘር የሚስተካከለው «ስማርት» የሚባለው መሃል ላይ ይቀመጣል። ሙሉ ማኔጅድ ከዚያ በላይ ነው። መልቲካስትን ከኔትወርክ ኔትወርክ የሚያሻግረው ሌየር 3 ከሁሉም ይበልጣል።

አንደኛው መንገድ፦ ምንም አለማድረግ

ተራ ስዊች ገዝቶ ሁሉንም ለሁሉም መርጨት። ብዙ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ያማትባል። እኔ አላማትብም።

10 ቻናል ብቻ ያለው፣ ሁሉም ተራ ጥራት የሆነ ቤት ድምሩ 30 ሜጋቢት ነው። በ100 ሜጋቢት ፖርት ላይ እንደልቡ ይሄዳል። የሚበላሽ ሴቲንግ የለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ይሠራል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ስዊች ከዋይፋዩና ከካሸሯ ኮምፒውተር ፍጹም የተለየ ይሁን። በኬብልም አይገናኙ። እነሱን አገናኝቶ ተራ ስዊች መጠቀም ግን ችግርን በገዛ ገንዘብ መግዛት ነው።

ድክመቱ ነገ ነው። ባለቤቱ ስድስት ኤችዲ ቻናል ልጨምር ባለ ቀን 48 ሜጋቢት ይጨመራል፤ ድምሩ 78 ይደርሳል፤ ምስሉም በየጥጉ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ስዊቹን መቀየር ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ አባላትን በእጅ መመዝገብ

ማኔጅድ ስዊች ላይ «ይህ ግሩፕ በዚህ ፖርት ይውጣ» ብሎ በቋሚነት መጻፍ ይቻላል። ስታቲክ ይባላል። የተጻፈው አባልነት ጊዜው አያልፍም። ቦክሱ ጠየቀ አልጠየቀ ስዊቹ ይልካል።

ይህ መንገድ ቦታውን ሲያገኝ እጅግ ጥሩ ነው። ሎቢው ውስጥ ያለው ስክሪን፣ ሬስቶራንቱ፣ በኔትወርክ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ፣ ምስላቸውን በመልቲካስት የሚለቁ ካሜራዎችና የሚቀዳው ማሽን፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬም ነገም የሚፈልጉት ያው ነው። በተለይ አይጂኤምፒን በወጉ የማይናገሩ አሮጌ መሣሪያዎች ካሉ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም።

ለክፍሎች ግን አይሆንም። 60 ክፍል በ40 ቻናል 2,400 መስመር ነው። ማን ይጽፈዋል? ተጽፎ ቢያልቅስ? ሁሉም ቻናል ወደ ሁሉም ፖርት በቋሚነት ይሄዳል ማለት ነው። ያ ደግሞ አንደኛው መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ውድ ስዊች ተገዝቶለት ብዙ ተለፍቶበት መምጣቱ ብቻ ነው። ኬብል ከአንድ ፖርት ወደ ሌላ የተዛወረ ቀንም ምስሉ ይጠፋል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ስኑፒንግ ከነጠያቂው

ብዙው የድሬዳዋ ሆቴል እዚህ ላይ ቢያርፍ ይሻለዋል። ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

ስኑፒንግ የበራበት ስዊች የአባላቱን መዝገብ ለዘላለም አይዝም። በየጊዜው «ማን ምን እያየ ነው?» የሚል ጥያቄ መላክ አለበት። ቦክሶቹ ይመልሳሉ፤ ያልመለሰ ይሰረዛል። ልክ እንደ እድር ስም ጥሪ ነው። ይህን ጥያቄ የሚልከው ኩዌሪየር፣ በእኛ ቋንቋ ጠያቂው ነው። ትልልቅ ኔትወርኮች ላይ ሥራው የራውተሩ ነው። የሆቴል ኔትወርክ ላይ ግን ቴሌቪዥኑ ባለበት መስመር የመልቲካስት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ከስዊቾቹ አንዱ ይህን ሥራ እንዲይዝ መታዘዝ አለበት።

ብልሽቱ ሁሉ የሚወለደው እዚች ጋ ነው። ስኑፒንግ ይበራል፤ ጠያቂ አይኖርም። የሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ላይ ስኑፒንግ በርቶ ነው የሚመጣው። ማይክሮቲክ ላይ ደግሞ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ጠያቂው ግን በሁለቱም ላይ ሰው ካላበራው አይበራም።

ምልክቱን ካወቁት አይሳሳቱትም። እንግዳው ቻናል ሲከፍት ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ቦክሱ ሲከፈት በራሱ አባልነቱን ስለሚያስታውቅ። ከዚያ ጠያቂ ስለሌለ ማንም አያድሰውም። በመደበኛው አሠራር ጥያቄ በየ125 ሴኮንዱ ይላካል፤ ለመልስ እስከ 10 ሴኮንድ ይሰጣል፤ ሁለት ዙር ካለፈ ይሰረዛል። ሁለት ጊዜ 125 ሲደመር 10፣ 260 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ በ4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ አካባቢ ምስሉ ቀጥ ይላል። እንግዳው ቻናል ቀይሮ ሲመለስ ደግሞ ይመጣል። ሪሴፕሽን ደውሎ «አቦ ቲቪው በየአምስት ደቂቃው ይቆማል» የሚል እንግዳ ካለ ዲሹን አይነካኩ። ጠያቂውን ይፈልጉ።

አንዳንድ ስዊች ላይ ደግሞ መልኩ ይለያል። ያልተመዘገበ መልቲካስትን እንዲጥል የታዘዘ ስዊች ምስሉን ያቆመዋል። እንዲረጭ የታዘዘው ግን መዝገቡ ሲያልቅ ሁሉንም ለሁሉም ይለቃል። ምስሉ አይቆምም፤ ኔትወርኩ ነው የሚዘገየው። ይህኛው ይብሳል፤ ምክንያቱን ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጠያቂው የት ይቀመጥ? ሄድኤንዱ በቀጥታ የተሰካበት ዋናው ስዊች ላይ። ምክንያት አለው። ስዊቾች ጥያቄ የመጣበትን ፖርት «የራውተር መንገድ» ብለው ይይዙትና መልቲካስቱን ሁሉ ወደዚያ ይልካሉ። ጠያቂው አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ስዊች ከሆነ፣ ማንም ባያይ እንኳ 170 ሜጋቢቱ በሙሉ ወደ አምስተኛ ፎቅ ይወጣል።

ሁለት ጠያቂ ማብራት ይቻላል፤ አንዱ መጠባበቂያ ይሆናል። ከሁለቱ ትንሹ የአይፒ ቁጥር ያለው ያሸንፋል። ስለዚህ ለዋናው ስዊች ትንሹን ይስጡት፤ እሱ 10.20.0.2 ከሆነ መጠባበቂያው 10.20.0.3 ይሁን። ጠያቂው በቴሌቪዥኑ ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ተለይቶ የሚከፈል ኔትወርክ) ውስጥ የራሱ አይፒ ይኑረው። አይፒ ሳይሰጡት በባዶ አድራሻ የሚጠይቅ ስዊች አለ፤ ጥያቄውን ንቀው የማይመልሱ መሣሪያዎችም አሉ።

ቪላን ካልኩ፣ ይህን መንገድ ሙሉ የሚያደርገው እሱ ነው። ቴሌቪዥኑን ለብቻው አንድ ቪላን ላይ ያስቀምጡት። ዋይፋዩን ሌላ ላይ። ቢሮውን ሌላ ላይ። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ብዙ ለቅሶ የሚያስቀር ሥራ ነው።

ፋስት ሊቭ የሚባል አማራጭም ያጋጥማል። እንግዳው ቻናል ሲቀይር ስዊቹ አሮጌውን ወዲያው እንዲቆርጥ ያደርጋል። ያለሱ ስዊቹ «ሌላ የሚያይ አለ?» ብሎ ሁለት ሴኮንድ ያህል ይጠብቃል። ሪሞቱን ቶሎ ቶሎ የሚጫን ሰው ካለ በዚያች ጊዜ አራት አምስት ኤችዲ ቻናል ሊደራረብበት ይችላል። በአንድ ፖርት አንድ ቦክስ ብቻ ካለ ያብሩት። ሳሎንና መኝታ ቤት ያለው ስዊት ክፍል ውስጥ በአንድ ኬብል ላይ ባለ አምስት ፖርት ስዊች ተሰክቶ ሁለት ቲቪ የሚያሠራ ከሆነ ግን አያብሩት። አባትየው ሳሎን ቻናል ሲቀይር መኝታ ቤት ያሉት ልጆች ምስላቸው ይቋረጣል።

የአይጂኤምፒ ስሪትም አንዳንዴ ያጋጫል። ሁለተኛው ስሪት እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሦስተኛው በ2002 ነው የወጡት። ሦስተኛው አባሉ ከየትኛው ላኪ መቀበል እንደሚፈልግ እንዲናገር ያስችለዋል። ለአንድ ሆቴል ይህ ጥቅም የለውም። ርካሽ ስማርት ስዊቾች ሁለተኛውን ብቻ ሲያዳምጡ አዲስ ቲቪዎች ሦስተኛውን ሊናገሩ ይችላሉ። መፍትሔው ጠያቂውን በስሪት 2 ማስጠየቅ ነው። የስሪት 2 ጥያቄ የሰማ ቦክስ በዚያው ስሪት ይመልሳል።

አድራሻ አሰጣጡ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ስዊቾች የሚመዘግቡት በአይፒው ሳይሆን በማክ አድራሻ፣ ማለትም ስዊቹ ራሱ በሚሠራበት አድራሻ ነው። ወደ ማክ ሲቀየር ከአይፒው የመጨረሻዎቹ 23 ቢቶች ብቻ ናቸው የሚቀሩት። ስለዚህ 32 የተለያዩ ግሩፖች አንድ ማክ ይጋራሉ። 239.1.1.1 እና 239.129.1.1 ለእንዲህ ያለ ስዊች አንድ ናቸው፤ አንዱን የጠየቀ ሁለቱንም ያገኛል። ከዚህ የባሰው 239.0.0 ወይም 239.128.0 ብሎ የሚጀምር ነው። እነዚህ ከ224.0.0 ጋር ይጋጫሉ። 224.0.0 ደግሞ ለኔትወርኩ የውስጥ ሥራ የተጠበቀ ስለሆነ ስዊቾች ሁልጊዜ ይረጩታል። 239.10.1 ብለው ጀምረው የመጨረሻውን ቁጥር የቻናሉ ቁጥር ቢያደርጉት ከሁሉም ያመልጣሉ፤ ለማስታወስም ይቀላል።

ስዊች ሲገዙ ሻጩ «ስኑፒንግ አለው» ቢል ብቻ አይመኑ። ብዙ ርካሽ ሞዴል ስኑፒንግ አለው፤ ጠያቂ የለውም። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ይግዙ ከአዲስ አበባ ያስመጡ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ኩዌሪየር አለው? ስንት ግሩፕ ይይዛል? ቢያንስ ዋናው ስዊች ጠያቂ ይኑረው። የየፎቁ ስዊቾች ስኑፒንግ ብቻ ቢኖራቸው ይበቃል። ማይክሮቲክ ለሚጠቀም ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ስኑፒንግ ሲበራ ሥራው ከስዊች ቺፑ ወጥቶ ወደ ሲፒዩ ይዞራል፤ ፍጥነቱም ይወርዳል። የሞዴሉን ዝርዝር ሳያዩ አይግዙ።

አራተኛው መንገድ፦ ራውተር ያለበት መልቲካስት

ቴሌቪዥኑ በአንድ ቪላን ካልተወሰነ፣ ማለትም ብዙ ሕንጻ፣ ብዙ ኔትወርክ ካለ፣ መልቲካስቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ያስፈልጋል። ፒም የሚባለው ፕሮቶኮል ይህን ይሠራል። አነስ ላለው የአይጂኤምፒ ፕሮክሲ አለ፤ እሱ የቦክሶቹን የአባልነት መልእክት ከአንድ ወገን ተቀብሎ ወደ ሌላው ያስተላልፋል።

ለዩኒቨርሲቲ፣ ለፋብሪካ ግቢ፣ ለትልቅ ሆስፒታል ተገቢ ነው። ለአንድ ሆቴል ሕንጻ ግን ከጉልበቱ ራስ ምታቱ ይበልጣል። ስፓርስ ሞድ የሚባለው የተለመደው አሠራር የመገናኛ ነጥብ የሚሆን ራውተር መሰየም ይፈልጋል። ሄድኤንዱ የሚልከው ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ላይ ያለው ቲቲኤል፣ ማለትም ፓኬቱ እስከ ምን ድረስ መሻገር እንደሚችል የሚወስነው ቁጥር፣ 1 ከሆነ ደግሞ ራውተር አይሻገርም። ሁሉ ነገር ልክ ሆኖ ምስል ከሌለ በቅድሚያ የሚታየው ይኸው ነው።

«ድሬ ያለውን ሄድኤንድ ሐረር ላለው ቅርንጫፌ ላገናኘው» የሚል ጥያቄም አለ። በደንገጎ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን መልቲካስትን አያሳልፍም። ወይ ታነል (በኢንተርኔቱ ውስጥ የሚያልፍ የራስ መስመር) መዘርጋት ወይ በዩኒካስት መላክ ነው። እዚያው ሐረር ዲሽ መስቀል ከሁለቱም ይረክሳል።

በሰንጠረዥ

| መለኪያ | ምንም አለማድረግ | በእጅ መመዝገብ | ስኑፒንግ ከጠያቂ ጋር | ራውተር ያለበት |
|---|---|---|---|---|
| የስዊች ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የሚመቸው ፍሰት | ከ50 ሜጋቢት በታች | ጥቂት ቋሚ ቻናል | መቶዎች ሜጋቢት | መቶዎች ሜጋቢት |
| ቻናል ለሚቀያይር እንግዳ | ፍሰቱ ትንሽ ከሆነ ይሆናል | አይሆንም | ይሆናል | ይሆናል |
| ዋይፋይ በዚያው ኔትወርክ ካለ | በፍጹም | በጥንቃቄ | ከቪላን ጋር | ከቪላን ጋር |
| መብራት ሲመለስ | ራሱ ይነሳል | ሴቭ ከተደረገ ይነሳል | ሴቭ ከተደረገ ይነሳል | ሴቭ ከተደረገ ይነሳል |
| የሚፈልገው ሰው | ማንም | የጻፈው ሰው | ስዊች የሚከፍት ልጅ | የኔትወርክ ባለሙያ |
| የተለመደው ብልሽት | መታነቅ | ኬብል ሲዛወር መጥፋት | የጠያቂ አለመኖር | ቲቲኤልና የመገናኛ ነጥብ |

ለማን የትኛው?

ጁገል ውስጥ ባለ የሐረሪ ቤት አምስት ስድስት ክፍል የሚያከራዩ ከሆነ ይህን ሁሉ ይተዉት። ጁገል ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ ለኬብል እየበሱ መዞር አይገባም። እዚያ የሚያድር እንግዳም ቲቪ ፍለጋ የመጣ አይደለም። ሳሎኑ ላይ አንድ ሪሲቨር ይበቃል።

ከ15 እስከ 20 ክፍል ያለው፣ ኢትዮሳት ላይ ካሉት ቻናሎች ጥቂቶቹን ብቻ የሚያሳይ ፔንሲዮን አንደኛውን መንገድ ይያዝ። ቴሌቪዥኑን ለብቻው ያድርግ እንጂ ሌላ አያስፈልገውም። እንዲያውም የቆየ የአንቴና ኬብል በየክፍሉ የተዘረጋለት ቤት ከሆነ በኮአክሲያል መቀጠል አያሳፍርም።

ከ30 ክፍል በላይ፣ ከሁለት ስዊች በላይ፣ ኤችዲ ቻናል ያለው ሆቴል ሦስተኛውን ይውሰድ። በጀት ከጠበበ ገንዘቡን ዋናው ስዊች ላይ ያድርግ፤ ለየፎቁ ስኑፒንግና ቪላን ያላቸውን ስማርት ስዊቾች ይግዛ። ሎቢውና ሬስቶራንቱ ላይ ሁለተኛውን ቢደርብበት ጥሩ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። የድሬዳዋን ሙቀት ግን አይርሱ። ፋን የሌለው ስዊች መስኮት በሌለው የደረጃ ሥር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ግንቦትን እንዲሻገር መጠበቅ ግፍ ነው።

ካሜራ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አንድ መቅጃ ማሽንና አንድ ተመልካች ካለ መልቲካስት አያስፈልግም። 30 ካሜራ በ4 ሜጋቢት 120 ሜጋቢት ነው፤ ጊጋቢት ስዊች ይሸከመዋል። መልቲካስት የሚታሰበው ያንኑ ምስል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያየው ነው።

ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት

የመጨረሻውን ክፍያ ለገጣሚው ከመስጠትዎ በፊት እነዚህን እፊትዎ ያሠሩት። አንድ ቲቪ አንድ ቻናል ላይ ከፍተው 10 ደቂቃ አይንኩት። አምስተኛውን ደቂቃ ያለ ችግር ካለፈ ወይ ጠያቂው አለ፣ ወይ ስዊቹ ለሁሉም እየረጨ ነው፤ ቀጣዩ ፈተና ይለየዋል። ከዚያ ቲቪው ጠፍቶ ያለ አንድ ክፍል ይምረጡና የዚያን ፖርት የትራፊክ ቁጥር ስዊቹ ላይ ያስከፍቱት። ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። በአሥሮች ሜጋቢት የሚቆጠር ከሆነ እየረጨ ነው።

ቀጥሎ ሁሉም ክፍል ይከፈት፤ በየክፍሉ የተለያየ ቻናል። ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ሆቴሉ ጢም ሲል ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል። በዚያው መሃል ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው መልሰው ያብሩት። ማንም ሳይነካካው ምስሉ ከተመለሰ ሴቲንጉ ሴቭ ተደርጓል። ካልተመለሰ ሥራው አላለቀም።

በመጨረሻም ሦስት ነገር በእጅዎ ይረከቡ፦ የየስዊቹን የሴቲንግ ባክአፕ በፍላሽ፣ የይለፍ ቃሎቹን በጽሑፍ፣ እና የትኛው ፖርት የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የትኛው ቻናል የትኛው አድራሻ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት። ወረቀቷን ስዊቾቹ የተቀመጡበት ሳጥን (ራክ) በር ላይ በውስጥ በኩል ይለጥፏት።